የኢንሱሊን ቅርጽና የሲንክሮትሮን ብርሃን

ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በምትገኘው ፊንጣስ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በየቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠውን የኢንሱሊን ብዕር በሚገባ ያውቁታል። ኩዌት የስኳር ሕመም በስፋት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። አንዱ የኢንሱሊን ዓይነት ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወጋል፤ ሌላው ግን ማዕዱ ሊቀርብ ሲል ነው። ልዩነቱ የመጣው በዓይን ከማይታየው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው።

ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት አነስተኛ ፕሮቲን ነው። በመድኃኒቱ ውስጥ ስድስት ስድስት ሞለኪውሎች በዚንክ ዙሪያ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ወደ ደም ለመግባት ግን አንድ በአንድ መለያየት አለባቸው። የመዘግየቱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን አደረጃጀት እ.ኤ.አ በ1969 ያሳየችው በ1910 በካይሮ የተወለደችው እንግሊዛዊት ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። የኢንሱሊንን ክሪስታል በራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳችው በ1935 ስለነበር፣ መልሱ የተገኘው ከ34 ዓመታት በኋላ ነው፤ በመሐሉ በ1964 በሌሎች ሥራዎቿ የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች።

ራጅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ሲሆን፣ በሞለኪውል ውስጥ በተያያዙ አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ግን 0.15 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዚህ ብርሃን አቶምን መፈለግ ጤፍን በአካፋ እንደ መልቀም ይቆጠራል። የራጅ ሞገድ ግን ለዚህ ርቀት ይመጥናል። ጨረሩ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በተለያየ አቅጣጫ ይበተንና ነጠብጣቦችን ይፈጥራል፤ ተመራማሪዎችም ከነጠብጣቦቹ ተነሥተው የእያንዳንዱን አቶም ስፍራ በስሌት ያገኛሉ። ስለዚህ ውጤቱ ሐኪም ቤት እንደሚነሣው የአጥንት ምስል በቀጥታ የሚታይ አይደለም።

ሲንክሮትሮን ይህን ሥራ አፋጥኖታል። በቀለበት ውስጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች በማግኔት ተገደው በታጠፉ ቁጥር እጅግ ብርቱ ራጅ ይረጫሉ። በ1971 ሃምቡርግ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በዚህ ብርሃን የጡንቻን አወቃቀር ማጥናት እንደሚቻል አሳወቁ። ዛሬ ከአንድ ጥሩ ክሪስታል የሚፈለገው መረጃ በደቂቃዎች ይሰበሰባል። ክሪስታሉን ማብቀል ግን አሁንም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

የቅርጽ እውቀት ወደ መድኃኒት ሲለወጥ የኢንሱሊን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎረቤት ሞለኪውሎች በሚነካኩበት ጫፍ፣ በአንደኛው ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ላይ ያሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ እንዲቀያየሩ ተደረገ። መያያዣው ላላ፤ ስድስቱም ቶሎ ይበታተናሉ። ሊስፕሮ የተባለው ይህ ኢንሱሊን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው።

ለኩዌት ቅርብ የሆነው ሲንክሮትሮን በዮርዳኖስ አላን የሚገኘው ሰሳሚ ነው። በዩኔስኮ ጥላ ሥር የተቋቋመው ይህ ማዕከል በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ) ተመረቀ፤ የቀለበቱ ዙሪያ 133 ሜትር፣ የኤሌክትሮኖቹ ኃይል 2.5 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከ2019 ወዲህ ኤሌክትሪኩን ከፀሐይ ያገኛል። ኩዌት በታዛቢነት ትሳተፋለች። የእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻር «ሰሊጥ» ማለትም ስለሆነ፣ ዐረብኛ አንባቢ በ1979 ኩዌት ውስጥ መሰራጨት የጀመረውን «ኢፍታህ ያ ሲምሲም» የተሰኘ የሕፃናት ፕሮግራም ማስታወሱ አይቀርም።

በሰሳሚ መጀመሪያ ሥራ ከጀመሩት መስመሮች አንዱ የኢንፍራሬድ መስመር ሲሆን፣ ኅብረ ሕዋሳትን ለመመርመር ያገለግላል። የፕሮቲን ክሪስታል መስመር ከጥንስሱ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም ከመጀመሪያዎቹ ጋር አልተከፈተም። አፍሪካ ደግሞ እስካሁን የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። ስለሆነም አፍሪካዊ ተመራማሪ ያበቀለው ክሪስታል በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ ወደ ሌላ አህጉር ይጓዛል።