መብራት ሲሄድ ማን ይተርፋል? የመድረክ ኪቦርድና ድራም ማሽን ተረትና እውነታ

ጥር ሲገባ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ካራ ቆሬ የሰርግ ድንኳን ያልተተከለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። በየድንኳኑ ጥግ አንድ ኪቦርዲስት ተቀምጦ የድራሙን፣ የቤዙንና የትራምፔቱን ሥራ ብቻውን ይወጣዋል። የኮልፌ ቀራኒዮ ወጣት ሙዚቀኛ ታዲያ አሁን አሁን ከኪቦርዱ ጎን ድራም ማሽን፣ ሳምፕለር፣ ትንሽ ሲንተሳይዘር ማስቀመጥ ያምረዋል። ምክር አያጣም። የመርካቶው ነጋዴ አንድ ይለዋል፣ ቀድሞት የገዛው ጓደኛው ሌላ፣ አሜሪካ ያለው አጎቱ ደግሞ ሌላ። አብዛኛው ምክር ለስቱዲዮ የሚሆን ነው። ድንኳን ውስጥ የሚያዋጣው ግን ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ነው።

«ላፕቶፕ ይከዳል፤ ማሽን አይከዳም»

ከሁሉ የተስፋፋው ይህ ነው፤ ጨርሶ ውሸት ነውም አይባልም። ላፕቶፕ በዘፈን መሃል «ራሴን ላድስ» ማለት ያውቃል። ነገር ግን ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ኪቦርድና ድራም ማሽን አብዛኛው መልኩን የቀየረ ኮምፒውተር ነው። ሲበራ ፕሮግራሙን ይጭናል፤ ሲጠፋም ሴቭ ያልተደረገው ሥራ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ተረቱ ጭራሽ ይገለበጣል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ በዩኤስቢ ከእሱ ኃይል የሚወስደው ሳውንድ ካርድም አብሮት ይተርፋል። ግድግዳ ላይ የተሰካው ኪቦርድ ግን ለአንድ ሰከንድ ቢቋረጥበት እንኳ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። እንደ ሞዴሉ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ግማሽ ደቂቃ ብዙ ነው።

ጣጣው መብራት መሄዱ ብቻም አይደለም። የድንኳኑ መስመር ብዙ ጊዜ ከአንድ መኖሪያ ቤት የተሳበ ነው። ከዚያው ቤት ጓሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ ይሆናል። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲነቀል ሽቅብ ይላል። ጄኔሬተር ሲነሳም እንዲሁ። በዚህ ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ተሰክቶ፣ ኪቦርዱ ከሁሉም መጨረሻ ይንጠለጠላል። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ቢያንስ መቋረጡን ይሸፍናል፤ ኪቦርድና ድራም ማሽን ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዋት አያልፉምና አይከብዱትም። ስፒከር ግን አይሰካበትም፣ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሰዋል። ስፒከሩ ጄኔሬተር እስኪነሳ ዝም ይበል፤ ዋናው ቁም ነገር ኪቦርዱ ነቅቶ መጠበቁ ነው። ከናካቴው ሶኬት የማይለምኑ ማሽኖችም አሉ። የኮርግ ቮልካ ቤተሰብ በ6 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ኖቬሽን ሰርኪት ትራክስ ደግሞ ከውስጡ የሚሞላ ባትሪ አለው፤ አምራቹ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል ይላል።

ላፕቶፕ ላይ የሚቀርበው ሁለተኛው ክስ «ድምፁ ይዘገያል» የሚል ነው። ሂሳቡ ይኸው፦ በሰከንድ 44,100 ናሙና እያነበበ 256 ናሙና የሚያጠራቅም ላፕቶፕ በዚያ ምክንያት የሚዘገየው 6 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ድምፅ በአየር ላይ 2 ሜትር ለመሄድም ይኸው ጊዜ ይፈጅበታል። ከሞኒተሩ 3 ሜትር ርቆ የሚቀመጥ ኪቦርዲስት ሳያውቀው ከዚህ የባሰ መዘግየት ችሎ እየተጫወተ ነው። በእውነት የሚጎዳው ብሉቱዝ ስፒከር ነው። በእሱ እየሰሙ መጫወት አይሞከርም።

«ድራም ማሽን ችክችካ አይችልም»

ይህን የሚሉት ሞክረው የተዉት ናቸው። የሞከሩትም ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። አብዛኛው ድራም ማሽን 16 ስቴፕ ይዞ ይመጣል፤ አራት ምት፣ እያንዳንዱ በአራት የተከፈለ። ችክችካ ግን 6/8 ነው፤ ትልቁ ምት የሚከፈለው በሦስት ነው። በ16 ስቴፕ ላይ ችክችካ ሠርቶ እስክስታ የጋበዘ ሰው ትከሻውን ሁሉ ግራ ያጋባል።

ስለዚህ ርዝመቱ ወደ 12 ስቴፕ ይቆረጣል፤ አራት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ በሦስት። ቮልካ ቢትስ ላይ ይህን የሚያደርገው «አክቲቭ ስቴፕ» ነው፤ የማይፈለጉትን ስቴፖች ዘግቶ እንዲዘለሉ ያደርጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ርዝመቱን ብቻ ቆርጠው ከተዉት ማሽኑ አሁንም አራት ስቴፕ አንድ ምት ነው ብሎ ይቆጥራል። ተጨፋሪው በደቂቃ 120 ምት ከፈለገ ማሽኑ ላይ የሚጻፈው 90 ይሆናል፤ 120 በ3 ተባዝቶ ለ4 ተካፍሎ ማለት ነው። ብቻውን ሲጫወት ችግር የለውም። ከሌላ ማሽን ጋር በኬብል ሲያያዝ ግን ያኛው በ90 ይሄድና ሁለቱ አይገናኙም። የምት አከፋፈሉን ወደ ሦስት የሚቀይር ማዞሪያ ያለው ማሽን ይህን ራስ ምታት ያስቀራል። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር-808 ላይ ነበረ።

የሚቀረው ጉድለት ሌላ ነው። ከበሮ መቺ ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ እልልታው ሲደራ ይፈጥናል። ማሽን አይፈጥንም። ስለዚህ ሲመርጡ የፍጥነቱ ማዞሪያ ራሱን ችሎ ከላይ የተቀመጠበትን ይምረጡ፤ ፍጥነት ለመቀየር ሦስት ገጽ ሜኑ የሚያስከፍት ማሽን ለድንኳን አልተፈጠረም። ሳምፕለር ያለው ሰው ደግሞ የከበሮውን ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ ለየብቻ ቀድቶ በሁለት ፓድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ማሽኑ ባይፈጥን እንኳ ጣቱ ይፈጥንለታል።

ስለ ቅኝትም እንዲሁ ኪቦርድ አንቺ ሆዬን አይችልም ይባላል። ከኪቦርዱ 12 ድምፅ ውስጥ አምስቱን መምረጥ ከባድ አይደለም፤ የሚጎረብጠው የክራርና የማሲንቆ ድምፅ በጆሮ የተቃኘ፣ የኪቦርዱ ግን እኩል የተከፋፈለ መሆኑ ነው። የኮርግ ፒኤ ተከታታይ ኪቦርዶችና ብዙ የያማሃ ባለስታይል ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ያስችላሉ። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አንሸራቶ ወደ ኪቦርዱ መምጣት ይችላል፤ ክራር ግን አስቀድሞ የተቃኘ ነውና ኪቦርዲስቱ ወደ ክራሩ ይሄዳል።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ እዚህ ይቃጠላል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እውነት የሚሆነው ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ተብሎ ለተጻፈበት፣ ብዙውን ጊዜ ለቆየ ዕቃ ነው። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የእኛን 220 ቮልት ያለ ስታቢላይዘር ይቀበላል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነው፦ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር መሰካት። የቮልካ አዳፕተር መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ የቦስ ፔዳል ግን መሃሉ ኔጌቲቭ። ሁለቱም 9 ቮልት ናቸው። ከቀዳዳው አጠገብ የታተመችውን ትንሽ ምልክት ሳያዩ መሰካት አይገባም።

«ኪቦርዱ ድምፁ ቀጠነ፣ ይቀየር» ሲባልም ከመግዛት በፊት ኬብሉን ማየት ይሻላል። የድንኳን ሳውንድ ሲስተም ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው። አንድ ጃክ ብቻ የሚሰካ ከሆነ «ኤል/ሞኖ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሁን፤ ያኔ ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱን ወገን ይቀላቅላል። ቀኙ ላይ ብቻ የሰካ ሰው የፒያኖውን ግማሽ ጥሎታል። ከኪቦርድ እስከ ሚክሰር ያለው ርቀት ረጅም ከሆነና የ50 ኸርትዝ እምምታ ከተሰማ ዲአይ ቦክስ ጣልቃ ማስገባት ነው። ሚዲ ኬብልን በዚህ መውቀስ ግን በከንቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ ጀምሮ ሚዲ ድምፅ ተሸክሞ አያውቅም። የሚያስተላልፈው የትኛው ቁልፍ፣ ምን ያህል ጠንክሮ፣ መቼ ተነካ የሚለውን መልእክት ነው።

«ማሽን የሚነካ ሙዚቀኛ አይደለም»

ለዚህኛው ኃይሉ መርጊያን መጥራት ይበቃል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር፤ አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ፒያኖ፣ በያማሃ ዲኤክስ7 እና በሪትም ማሽን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም የማሽን ሥራ እንጂ ሙዚቃ አይደለም ያለ አልተሰማም። በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ በሚነዳባቸው ዓመታትም ተሳፋሪ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላኛው ምርጫው ነው፦ ወደ መድረክ ሲመለስ ሪትም ማሽኑን ትቶ ከድራመርና ከቤዚስት ጋር ወጣ። ለቀረጻ የመረጠውን ለመድረክ አልመረጠም። ከእሱ በኋላ የመጡት እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ቤቱን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ጋር አዋሕደዋል፤ ሮፍናንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ብዙ ሺህ ሰው ፊት አቁሞታል። የድንኳን ኪቦርዲስት ከእነሱ ዕቃ ቆጥሮ ሊገዛ አይገባም፤ መድረካቸውም ቴክኒሻናቸውም ከእሱ ለየቅል ነው።

ሱቅ ሲገባ እንግዲህ የራስን ጃክና ኤርፎን መያዝ ነው። ባለ12 ስቴፕ ችክችካ ይሠራል፤ እየተጫወተ ፍጥነቱ ይቀየራል፤ የዘፈኑ ኪይ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ሁሉም ሳይቋረጥ መሆን አለበት። ከዚያ ሴቭ ተደርጎ ሶኬቱ ይነቀልና ወዲያው ተመልሶ ይሰካል። እስኪነሳ ስንት ሰከንድ ፈጀ? የተሠራውስ ሪትም አለ? ሻጩ ሶኬቱን አላስነቅልም ካለ ጎረቤቱ ያለው ሱቅም ኪቦርድ ይሸጣል።