የወጣቶች በጎ ፈቃድ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ሪያድ፦ በዑለያ ጎልተው ከሚታዩት ሕንፃዎች አንዱ የሆነውን የፈይሰሊያ ማማ ብዙ ሰው የንግድ ማዕከል ብቻ አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጠናቀቀው ይህ 267 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ግን የንጉሥ ፈይሰል ፋውንዴሽን ሀብት ነው። የንጉሥ ፈይሰል ልጆች በ1976 ያቋቋሙት ይህ ተቋም ለትምህርት፣ ለምርምርና ለበጎ አድራጎት የሚያውለውን ገንዘብ ከእንዲህ ያለው ሀብት ገቢ ያገኛል። መንፈሱ የወቅፍ ነው፤ ዋናው ሀብት ሳይነካ ፍሬው ለሕዝብ ጥቅም ይውላል።

አብዛኞቹ የወጣቶች ማኅበራት ግን እንዲህ ያለ ማማ የላቸውም። የሚተማመኑት በመንግሥት ድጋፍና በለጋሾች ልግስና ነው። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አይከፈለውም እንጂ አገልግሎቱ ያለ ወጪ አይከናወንም። ሥልጠናው፣ መጓጓዣው፣ የመለያ ልብሱና የአስተባባሪው ጽሕፈት ቤት ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በሐጅ ወቅት መንገድ የጠፋባቸውን ሑጃጆች ወደ ማረፊያቸው የሚያደርሱት የሳዑዲ ስካውት ወጣቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከአንድ ወጣት ቀና እርምጃ በስተጀርባ ረጅም ዝግጅት አለ።

በ2016 ይፋ የሆነው ራዕይ 2030 ሲታወጅ በሀገሪቱ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች 11,000 ብቻ መሆናቸው ተገልጾ ነበር። የተቀመጠው ግብ በዓመት አንድ ሚሊዮን ማድረስ ሲሆን፣ በ2024 ቁጥሩ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ለትርፍ ያልቆመው ዘርፍ በሀገራዊ ምርት ውስጥ ያለውን ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ወደ 5 በመቶ ማሳደግም ታቅዷል። አገልግሎቱ በዚህ መጠን ሲሰፋ፣ ለእርሱ የሚወጣውን ገንዘብ የመቆጣጠሩ ኃላፊነትም አብሮ ይከብዳል።

የድጋፉም የቁጥጥሩም መሠረት በ2015 መጨረሻ የወጣው የማኅበራትና የፋውንዴሽኖች ሕግ ነው። ሕጉ ለማኅበራት የሚውል የድጋፍ ፈንድ አቋቁሟል። በ2019 ደግሞ ለትርፍ ያልቆመውን ዘርፍ የሚመራ ብሔራዊ ማዕከል እንዲቋቋም ተወሰነ። ማኅበራት የሚመዘኑት በሦስት መስፈርቶች ነው፤ ሕግን በማክበር፣ በግልጽነትና በፋይናንስ ጤንነት። ገንዘባቸውን በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓመታዊ ሒሳባቸውንም ውጫዊ ኦዲተር ይመረምረዋል።

ይህ ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ከሰበሰበው ላይ ከፊሉ ለእርሱ በስጦታ የተሰጠ እንደሆነ ሲናገር፣ በሕዝብ ፊት መገሠጻቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የአማና ገንዘብ የያዘ ሰው፣ ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ሒሳቡን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ይሁን እንጂ ቁጥጥር ራሱ ሚዛን ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ተሞክሮ ይህን ያሳያል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ሕግ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ሥራ እንዳይሰማሩ በመከልከሉ ብዙዎቹን አዳክሟል። በ2019 የተተካው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዲሱ አዋጅ ክልከላውን አንሥቷል፤ ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ግን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አኑሯል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ቁጥጥር ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠይቃል እንጂ የሥራውን በር አይዘጋም። የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር የማይችል አነስተኛ ማኅበርም ከጥያቄው ጋር ሥልጠናና እገዛ ካላገኘ፣ የወጣቶቹ ጉልበት በወረቀት ሥራ ያልቃል።

በሪያድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የታመመ ወገንን ለማሳከም ወይም የሞተን አስከሬን ወደ ሀገር ለመላክ ወጣቶች ተሯሩጠው ገንዘብ ማሰባሰባቸው ከእድር የተወረሰ መልካም ልማድ ነው። ያለ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ ግን በሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሰብሳቢው በጎ ዓላማም ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጋዊው መንገድ በ2021 ሥራ የጀመረው ኢሕሳንና ፈቃድ ያላቸው ማኅበራት ናቸው። ከሀገር ውጭ ለሚደርስ ዕርዳታ ደግሞ የተመደበው በ2015 የተቋቋመው የንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ ዕርዳታ ማዕከል ነው።

ገንዘብ የሌለው ወጣትም ጊዜውን መስጠት ይችላል። በብሔራዊው የበጎ ፈቃድ መድረክ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ተመዝግቦ ፈቃድ ባለው ተቋም ሥር ማገልገል ይችላል፤ የሠራው ሰዓትም ይመዘገብለታል። ሰዓቱ እንደሚቆጠር ሁሉ ሪያሉም ሲቆጠር፣ ለጋሹ በእምነት ይሰጣል፤ ወጣቱም ስሙ ሳይነካ ያገለግላል።