ለቤት ሲኒማ የሚሆን ድምፅ ማጉያና ሰብዉፈር ስለ መምረጥ

ወለንጪቲ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ በእርሷም የቤቱን ቴሌቪዥን በተሻለ ድምፅ ለማጀብ የሚፈልግ ሰው፣ እንዲሁም የእግር ኳስ ጨዋታ እያሳየ ደንበኛ የሚያስተናግድ የቡና ቤት ባለቤት አይታጣም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተቀባዩ ሣጥን ወፍራም ስለ ነበረ፣ ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ሥፍራ በውስጡ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግን መስተዋቱ እየሰፋ አካሉ እየሳሳ በመሄዱ፣ በውስጡ የሚገጠመው ድምፅ ማጉያ ትንሽና ደካማ ሆኗል። ከዚህ የተነሣ ለብቻው የሚሸጠው ድምፅ ማጉያ ተፈላጊ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ግብይት ገዥውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው የዋት ቍጥር ነው። «ፒ ኤም ፒ ኦ» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ኀይል ሲሆን፣ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት የአለካክ ደንብ የለውም። ሊታመን የሚገባው ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኀይል ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ «አር ኤም ኤስ» ተብሎ ይመለከታል። ለማረጋገጥም ቀላል መንገድ አለ። በመሣሪያው ጀርባ ከመብራት የሚወስደው ኀይል ተጽፎ ይገኛል፤ ከመብራት 60 ዋት ብቻ የሚወስድ መሣሪያ ሳያቋርጥ 1000 ዋት ሊሰጥ ከቶ አይችልም።

ከዚህም ሌላ የዋቱ ቍጥር በእጥፍ ቢያድግ ድምፁ በእጥፍ አይጐላም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ጥቂት ልዩነት ነው። ድምፁ ለሰሚው እጥፍ ያህል ጐልቶ እንዲሰማ ኀይሉ ወደ 10 ጊዜ መብዛት ይኖርበታል። ስለዚህ አስተዋይ ገዥ የድምፅ ማጉያውን የንቃት መጠን አስቀድሞ ይጠይቃል። በ1 ዋት ኀይል በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጠው፣ 87 ዴሲቤል ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮኽ ግማሹን ኀይል ብቻ ይፈልጋል። የኦሙም ቍጥር መታየት አለበት። ለ8 ኦም ብቻ በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ ባለ 4 ኦም ድምፅ ማጉያ ቢቀጠል፣ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ይግላል፤ እንደ ወለንጪቲ ባለ ቆላማ ሥፍራም ጉዳቱ ይፈጥናል። አምፕሊፋየሩም አየር በማያገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ መዘጋት የለበትም።

ቀጥሎ የሚታሰበው ክፍሉ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያውም ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ድምፁ እየተመለሰ ስለሚያስተጋባ ንግግሩ ይደበላለቃል። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጨመር ሳይሆን ምንጣፍ መዘርጋትና ወፍራም መጋረጃ መስቀል ነው። ሰፊ በሆነ ቡና ቤትም ከአንድ ማዕዘን ከሚጮኽ አንድ ትልቅ ሣጥን ይልቅ፣ ለተቀመጡት ሰዎች ቀረብ ብለው የተሰቀሉ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች የጨዋታውን ተንታኝ ቃል አጥርተው ያሰማሉ።

ሰብዉፈር የሚባለው ጎርናናውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን ነው። ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ80 ርግብግቢት በታች ያለው ድምፅ ለእርሱ ይተዋል፤ የቀረውን ሌሎቹ ይይዙታል። ለዚህ ሣጥን የሚቀመጥበት ሥፍራ ከዋጋው ያላነሰ ዋጋ አለው። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ በሴኮንድ 34 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በግድግዳው ሥር እጅግ ይጐላል፤ በክፍሉ መካከል ግን ይደክማል። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ለጊዜው በመቀመጫው ላይ አኑሮ፣ ጎርናና ድምፅ ያለው ዘፈን ከፍቶ፣ በግድግዳው ዙሪያ ዝቅ ብሎ እየዞሩ ማዳመጥ ይጠቅማል። ድምፁ ሳይጐላና ሳይጠፋ ተስተካክሎ በተሰማበት ሥፍራ ሣጥኑ ይቀመጣል።

ገንዘቡ የተወሰነ ለሆነ ሰው የግዢው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ ሁለት ጥሩ የግራና የቀኝ ድምፅ ማጉያዎች ይገዛሉ፤ እነርሱና አድማጩ እኩል ጐኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ሆነው በጆሮ ከፍታ ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ንግግሩን የሚያጠራው የመካከለኛው ይጨመራል። ሦስተኛ ሰብዉፈሩ፣ በመጨረሻም በአድማጩ ጐንና ጐን ጥቂት ወደ ኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ ይታከላሉ። «5.1» የሚባለውም ይኸው አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ ሰብዉፈር ነው። አምስቱንም ርካሽ አድርጎ በአንድ ቀን ከመግዛት፣ ሁለት ደኅና አስቀድሞ በየጊዜው መጨመር ይሻላል።

ጎረቤትንም ማሰብ ይገባል። ጎርናና ድምፅ በጭቃም ሆነ በብሎኬት ግድግዳ በቀላሉ አይታገድም። ከሣጥኑ ሥር ወፍራም ጎማ ማንጠፍ በወለሉ የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን ድምፁን ዝቅ ከማድረግ በቀር የሚያስቀረው የለም። ልቅሶ ባለበት ወይም ሰው በተኛበት ሰዓት ሰብዉፈሩን መዝጋት የጉርብትና ወግ ነው።

በመጨረሻ ለዕቃው ሻጮች የምናሳስበው አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ነጋዴው እውነተኛውን ዋትና ኦም ነግሮ፣ ዕቃውን በገዥው ፊት አሰምቶ፣ ዓይነቱን በደረሰኙ ላይ ጽፎ ቢሸጥ ከክርክር ይድናል። በካርቶኑ ቍጥር ተማምኖ የገዛ ደንበኛ ካዘነ በኋላ ተመልሶ አይመጣም፤ እውነቱ ተነግሮት የገዛው ግን ሰብዉፈሩን ለመጨመር ሲያስብ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።