ከባዱ ማጉያና ቀላሉ ሣጥን፦ ስለ ዲጂታል የጊታር መሣሪያ ለአስመጪውና ለደጋው ባለሱቅ

የመቅደላን አምባ ታሪክ ያነበበ ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ ነገር ያስታውሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ያን መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ አስነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉና ገደል እያስናዱ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት ከብዙ ወራት ድካም በኋላ ነው። ዛሬ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚወስድ የመኪና መንገድ አለ። ቢሆንም በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚነግድ ሰው ዕቃን ከዋጋው እኩል በሸክሙ መመዘኑን አልተወም። ይኸው ሕግ ለሙዚቃ መሣሪያ ንግድም ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከባዱን የጊታር ማጉያ በመተካት ላይ ስላለው ትንሽ ዲጂታል ሣጥን ሲሆን፣ ዓላማችንም ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ማስረዳት ነው።

ከውጭ የሚመጣ የሙዚቃ መሣሪያ ለአገራችን ገበያ እንግዳ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያዎች ከሩሲያ በስጦታ መጥተዋል። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ሙዚቃን አስፋፍተዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር ቦታውን የያዘው ከዚያ ዘግይቶ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የሸክላ ኩባንያውን ባቋቋመበት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ ኢቤክስን የመሰሉ ባንዶች ጊታርን ከነሐስ መሣሪያዎች ጋር አዋሕደው በአዲስ አበባ ሆቴሎች ያሰሙ ነበር። ከኢቤክስ ወደ ሮሃ ባንድ የተሻገረው ሰላም ሥዩም በጊታሩ ስሙ የገነነ ነው። የዚህ ሁሉ ዜማ ሥር ደግሞ በአብዛኛው ወሎ ነው፤ አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የወሎ ቦታ ስሞች ናቸውና።

የዚያ ዘመን ማጉያ በአብዛኛው በቫልቭ፣ ማለት አሮጌ ሬዲዮ በሚሠራበት የመስተዋት አምፖል፣ የሚሠራ ነበር። ለምሳሌ በዓለም ሁሉ የታወቀው የፌንደር ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ኃይልና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው፤ ክብደቱም ወደ 29 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ድምፁ እጅግ የተመሰገነ ነው። ሆኖም ቫልቩ በሚንገጫገጭ መንገድ ይጎዳል፤ በሥራም ብዛት ያረጃል። የጊታር ቫልቭ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዛሬ በዋናነት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና የሚገኙ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሩሲያ በወጪ ንግዷ ላይ ገደብ ባደረገች ጊዜ የቫልቭ ገዢዎች በብዙ አገር ተጨንቀዋል። እንግዲህ መለዋወጫው በዓለም ገበያ ሲጠፋ፣ በመካነ ሰላም ያለ ባለዕቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አዲሱ መሣሪያ በባለሙያዎች ዘንድ ሞዴለር ይባላል። ሥራውም እንዲህ ነው። የጊታሩ ክር ሲርገበገብ በጊታሩ ላይ ያለው ፒክአፕ እርግብግቢቱን ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ሣጥኑ ይህን ኤሌክትሪክ በየሰኮንዱ 48,000 ጊዜ ያህል እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ በውስጡ ያለችው ኮምፒዩተርም አንድ የታወቀ ማጉያ፣ ስፒከሩና የተቀረጸበት ማይክሮፎን በድምፁ ላይ ያደርሱት የነበረውን ለውጥ በስሌት ታደርሳለች። ከዚያም ቁጥሩ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆንና ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይሄዳል። ስሌቱ ጥቂት ሺኛ ሰኮንድ ይፈጃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሺኛ ሰኮንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሦስት ሺኛ ሰኮንድ መዘግየት ከማጉያው አንድ ሜትር ርቆ እንደ መቆም ያህል ነውና ተጫዋቹን አያውከውም።

ጥበቡ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የጃፓኑ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ቪጂ 8 የተባለውን ሠራ። የአሜሪካው ላይን 6 በ1998 ፖድ የተባለውን፣ አደንጓሬ የመሰለ ቀይ ሣጥን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መሣሪያው በብዙ ተጫዋቾች እጅ ገባ። በ2006 የፍራክታል አክስ ኤፍ ኤክስ፣ በ2011 ደግሞ ባለቤቱ ያለውን ማጉያ ራሱ ለክቶ እንዲያስቀምጥ የሚያስችለው የጀርመኑ ኬምፐር ተከተሉ። በ2016 የወጣው የቦስ ካታና ስፒከሩን በአንድነት ይዞ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ በመሆኑ በሰፊው ተለመደ። የፊንላንዱ ኒውራል ዲኤስፒ የሠራው ኳድ ኮርቴክስ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከትዊኑ 29 ኪሎ ጋር ሲነጻጸር፣ አንዱ የሰውና የመኪና ጣሪያ ሸክም ሲሆን ሌላው በትከሻ ቦርሳ የሚያዝ ነው።

ለነጋዴው ዋናው ነገር ግን መሣሪያውን በሦስት ወገን ለይቶ ማወቁ ነው። አንደኛው በእግር የሚረገጥና በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚገባ ነው፤ ይህ የድምፅ መሣሪያ ለሚከራይበት ለሠርግና ለበዓል ይስማማል። ሁለተኛው ስፒከር ያለው ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ልምምድና ለትንሽ አዳራሽ ይበቃል። ሦስተኛው ሣጥን የሌለው፣ በኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ከዚህም ውስጥ በነጻ የሚገኝ አለ፤ ላፕቶፕና ድምፅ ማስገቢያ መሣሪያ ላለው ተማሪ እጅግ ርካሹ መንገድ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው የዚህ ዓይነት ገዢ በአካባቢው አይታጣም፤ ለባለሱቁም ከዋናው ሣጥን ይልቅ ገመድ፣ ጃክ፣ ክርና የጆሮ ማዳመጫ ቶሎ የሚዞር ንግድ ይሆንለታል።

የገበያውን መጠን ግን ማጋነን አይገባም። በሠርግ ቤትና በምሽት ቤት ኪቦርድ የባንድን ቦታ ከወሰደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጊታር ተጫዋቹ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለደጋው ከተማ ብዙ ሣጥን በአንድ ጊዜ ማስጫን ገንዘብን መደርደሪያ ላይ ማሰር ነው። ይልቁንም አንድ የማሳያ ዕቃ በደሴ አስቀምጦ በትእዛዝ መሸጥ የተሻለ ይሆናል።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። የመጀመሪያው የመብራት ነገር ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን፣ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የሚመጣው ዕቃ በ120 ቮልት እንዲሠራ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሣጥኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተር አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በአዳፕተሩ ጀርባ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል። አዳፕተር ጠፍቶ ሌላ ሲተካም ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የአዎንታና የአሉታ አቅጣጫው መታየት አለበት፤ ብዙዎቹ የጊታር ፔዳሎች ባለ 9 ቮልት ሆነው መካከላቸው አሉታ ነው፣ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። መብራቱ በሚዋዥቅበት ወይም ጄኔሬተር በሚነሣበት ቦታ ስታቢላይዘር አብሮ መሸጥ ለገዢው ጥቅም ነው፤ ለሻጩም ስም ጠባቂ ነው።

ሁለተኛው የጥገና ነገር ነው። የቫልቩን ማጉያ አንድ ጎበዝ የሬዲዮ ጠጋኝ በብየዳ ብረቱ ሊያድነው ይችላል። የዲጂታሉ ሰሌዳ ግን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች የተሞላ በመሆኑ፣ ዋናው ክፍል ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳው እንዳለ መለወጥ አለበት። በአገር ቤት የሚጠገነው ጃኩ፣ የእግር ማብሪያውና አዳፕተሩ ነው። ስለዚህ አስመጪው ከዕቃው ጋር የእነዚህን መለዋወጫ ያስመጣ፤ ስለ ዋስትናውም ከሻጩ ኩባንያ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። የብዙ ዓመት የሠርግ ገቢውን በአንድ ሣጥን ላይ ያዋለ ሙዚቀኛ፣ ሣጥኑ በጥር ወር ቢቆምበት የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን እንጀራ ነው።

ሦስተኛው የኢንተርኔት ነገር ነው። አንዳንድ መሣሪያና አብዛኛው የሚሸጥ ፕሮግራም በኢንተርኔት ካልተመዘገበ ሙሉ ሥራውን አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደታየው፣ መስመር ሲጠፋ ብዙ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ባለሱቁ ዕቃውን ወደ ደጋው ከመላኩ በፊት መስመር ባለበት ከተማ ምዝገባውንና እድሳቱን ጨርሶ፣ የድምፅ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ ቢያስረክብ ትልቅ ውለታ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሰው የቀድሞው ባለቤት ምዝገባውን ማስተላለፉን ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይቁጠር።

ስለ ዋጋና ስለ ጉምሩክም ጥቂት እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ300 ዶላር ሣጥን፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር፣ 17,100 ብር የነበረው በጥቂት ሳምንታት ከ30,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በብር ረጅም ጊዜ የሚጸና ዋጋ ቃል መግባት አደገኛ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታር በምዕራፍ 92፣ በቁጥር 92.07 ይመደባል፤ ከጊታሩ ጋር በአንድ አካል ያልተሠራ ማጉያና ስፒከር ግን የሙዚቃ መሣሪያ ተብሎ አይቆጠርም፤ ምድቡ በምዕራፍ 85 ነው፤ ማጉያውም በቁጥር 85.18 ይገኛል። ሁሉንም «የሙዚቃ ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር ኢንቮይስ ማድረግ ክርክርና የመጋዘን ኪራይ ይወልዳል። እያንዳንዱ በየስሙ ተለይቶ ይጻፍ፤ ለምድቡ የሚያጠራጥር ሣጥን ካለም ዕቃው ከመጫኑ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽን ይጠየቅ።

ዕቃውን ለገዢ ማሳየትም ጥበብ ይፈልጋል። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ድምፅ በአብዛኛው ለምዕራባውያን ሮክ የታሰበ፣ እጅግ የሻከረ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በመካከላቸው የግማሽ ቃና ርቀት ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ሁለት ተቀራራቢ ቃናዎች በሻካራ ድምፅ አንድ ላይ ሲመቱ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ሌላ ያልተፈለገ ድምፅ ይፈጥራሉ፤ ዜማውም ይደፈርሳል። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ ንጹሑን ድምፅ ከመጠነኛ ማስተጋቢያ ጋር አዘጋጅቶ በትዝታ ወይም በባቲ ቢያስደምጥ፣ ገዢው የራሱን ሙዚቃ በሣጥኑ ውስጥ ይሰማል።

ለክራር ተጫዋችም ይኸው ሣጥን ይጠቅማል። ክራር ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ በተራ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ብዙ ጊዜ የሳሳና የሚሰነጥቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ምክንያቱም የሚክሰሩ መግቢያ ለእርሱ የሚስማማ አይደለም። የጊታር ሣጥን መግቢያ አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ተቃውሞ እንዲኖረው ሆኖ ስለሚሠራ ድምፁን ሙሉ አድርጎ ይቀበላል። በዚህ ውስጥ ለላኪዎችም ዕድል አለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚገዙት ክራር፣ ፒክአፕና ጃክ በጥሩ ሁኔታ ተገጥሞለት ቢላክ፣ ከጌጥነት አልፎ በመድረክ ላይ የሚያገለግል ዕቃ ይሆናል፤ የአናጢውም ድካም የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ዋጋው ለአንድ ሰው ለሚከብድበት ቦታ ደግሞ አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ይሠራል። ሦስት ወይም አራት ሙዚቀኞች አንድ ሣጥን በጋራ ቢገዙ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በየራሱ ቁጥር ሊያስቀምጥበት ይችላል። በቫልቩ ማጉያ ይህ አይቻልም ነበር። ባለሱቁም ለእንዲህ ያለው ማኅበር በየሠርጉ ወር የሚከፈል ዱቤ ቢሰጥ ሽያጩን ያሰፋል፤ ውሉ ግን ዕቃው በማን እጅ እንደሚቀመጥና ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይናገር።

የሠርግ ገበያው የሚደምቀው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ደሴ፣ ከደሴም እስከ መካነ ሰላም ያለውን የጉዞና የጉምሩክ ጊዜ ያሰላ አስመጪ፣ ለጥር የሚፈልገውን ዕቃ ትእዛዝ በክረምቱ ውስጥ ማስተላለፍ ይኖርበታል። ዘግይቶ የደረሰ ሣጥን፣ ቀላልም ቢሆን፣ በመደርደሪያ ላይ ከሴባስቶፖል ይከብዳል።