የሻሞላ ግጥሚያ ደንብና የነጥብ አሰጣጥ ስያሜዎች

የስፖርት ደንብ ከሕግ ጽሑፍ ወገን ነው። በልብ ወለድ ትርጉም አንድ ቃል ለጎረቤቱ ቦታ ቢለቅ አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል። በደንብ ትርጉም ግን «መታ» እና «ነካ» የሚሉት ሁለት ግሦች ቢቀላቀሉ አሸናፊው ተሸናፊ ይሆናል፤ «አንገት» እና «ማጅራት» ቢቀላቀሉ ደግሞ ጉዳቱ ከነጥብ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪካዊ የሻሞላ ግጥሚያ በሚባለው ስፖርት ደንብ ውስጥ የሚገኙትን ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ማስረዳትና ለእነዚህ የሚስማሙ የአማርኛ ስያሜዎችን መጠቆም ነው።

አስቀድሞ ስለ ስፖርቱ ጥቂት ማለት ያሻል። በኦሎምፒክ የሚታየው የሻሞላ ግጥሚያ ከ1896 እ.ኤ.አ. የአቴና ጨዋታዎች ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ በ1913 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተቋቁሟል። የሚካሄደው ፎይል፣ ኤፔና ሳበር በተባሉ ሦስት መሣሪያዎች ነው፤ ምቱንም የሚያስታውቀው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ታሪካዊው ግጥሚያ ከዚህ ይለያል። በተለይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ መሠረቱም የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመንና የተከታዩ ዘመን የሰይፍ መምህራን የተዉዋቸው ጽሑፎች ናቸው። ከእነዚህ ቀደምት የሆነው፣ አንድ ካህን ደቀ መዝሙሩን በሰይፍና በትንሽ ጋሻ ሲያስተምር የሚያሳየው የ14ኛው መቶ ዓመት ብራና ዛሬ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ይገኛል፤ የጣሊያናዊው የፊዮሬ ደይ ሊበሪና በ1570 እ.ኤ.አ. የታተመው የጀርመናዊው የዮአኪም ማየር መጻሕፍትም ዘወትር የሚጠቀሱ ናቸው። ተጋጣሚዎቹ ስለቱ በደነዘዘ ብረት ይገጥማሉ፤ መብራት የለም፤ የሚፈርደው የዳኛ ዐይን ነው። ከዚህም በላይ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ደንብ የለም፤ ውድድር አዘጋጅ ሁሉ የራሱን ይጽፋል። ስለዚህ ተርጓሚው የሚገጥመው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን፣ አንዱ ቃል ከደንብ ደንብ ዋጋው የሚለዋወጥበት የጽሑፍ ቤተሰብ ነው።

ከመሣሪያው ስም እንነሣ። አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። «ሰይፍ» ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ክብር ያለው፣ ከመላእክትና ከሰማዕታት ሥዕል የማይለይ ቃል ነው። «ጎራዴ» በአንድ በኩል ብቻ የተሳለውን ያስታውሰናል፤ «ሾተል» እንደ ማጭድ የቆለመመውን፣ ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ለመድረስ የሚያመቸውን ነው። ለስፖርቱ ስም «ሻሞላ» የተመረጠው ከሁሉ ይልቅ ጠቅላላና ከሃይማኖታዊ ስሜት ነጻ በመሆኑ ነው። የሦስቱ የኦሎምፒክ መሣሪያዎች ስም ግን በውሰት ቢቀር ይሻላል። ፎይልን «ቀጭን ሻሞላ»፣ ኤፔን «ከባድ ሻሞላ» ማለት መግለጫ እንጂ ስያሜ አይሆንም።

የመሣሪያው ክፍሎች ስም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የታሪካዊው ረጅም ሻሞላ ስለቱ በሁለት ወገን ነው፤ ደንቡም ብዙ ጊዜ በስለት ያረፈውን ምት ሲቆጥር በጎኑ የተጠፈጠፈውን አይቆጥርም። አንዳንድ ተርጓሚ የኋለኛውን ስለት «ደንደስ» ሊለው ይፈተን ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ደንደስ የቢላዋ ወይም የጎራዴ የደነዘዘ ጀርባ ነው፤ በደንደስ የተመታ ሰው ይቀጠቀጣል እንጂ አይቆረጥም። ባለ ሁለት ስለት ሻሞላ ደንደስ የለውም። ስለዚህ «የፊት ስለት» እና «የኋላ ስለት» ማለት ይገባል፤ ሳይቆርጥ የሚያርፈው ሰፊው ወገን ደግሞ «ጎን» ይባል። «በጎኑ የመታ ነጥብ የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለማንም ግልጽ ነው።

መውጋትን በስም ለመጥራት ስንሞክር የአማርኛ የእርባታ ሥርዓት መንገድ ይዘጋብናል። ከ«ወጋ» የሚወጡት ስሞች ሁሉ ቀድመው ተይዘዋል፤ «ውጊያ» ጦርነት ሆኗል፤ «ውጋት» የጎን ሕመም ነው፤ «መውጊያ» መሣሪያው ነው። ከግዕዝ ሌላ ስም መፍጠር ይቻል ይሆናል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ይህን መንገድ በስፋት ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ዳኛ በአንድ ትንፋሽ የሚጮኸው ቃል ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከአፍ ቢወሰድ ይመረጣል። ስለዚህ በሻሞላ ጫፍ የሚደረገው «የጫፍ ምት»፣ በስለት የሚደረገው «የስለት ምት» ቢባል ሁለቱም ያለ ችግር ይለያሉ፤ እርባታውም አይጣላም።

የስያሜው ሁሉ ምሰሶ «ምት» ነው። ቃሉ ከእግር ኳስ ዘገባ ጋር ተዋሕዷል፤ «ቅጣት ምት» እና «ማዕዘን ምት» የማያውቅ የለም። ሆኖም በሻሞላ ግጥሚያ ከምት በፊትና በኋላ ያሉትን ደረጃዎች መለየት ግድ ነው። እጅ ተነሥቶ ወደ ተጋጣሚ ሲላክ «ሰነዘረ» ይባላል፤ ሳይደርስ ቢቀር «ሳተ»፤ ዐልፎ ሲሄድ በጥቂቱ ቢነካ «ጨረፈ»፤ ዋጋ ባለው ኃይልና ስለት ቢያርፍ «መታ»። በዘነበወርቅ ሰፈር ልጆች በዱላ ሻሞላ ሲጫወቱ ደጋግሜ አዳምጫለሁ። አንዱ «ሞተሃል!» ሲል ሌላው «ጨረፍከኝ እንጂ አልመታኸኝም» ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩም አንድ የውድድር ዳኛ በየደቂቃው ከሚፈርደው አይለይም። ሕፃናቱ ያለ መምህር የሚለዩትን ልዩነት ተርጓሚው «ንክኪ» በሚል አንድ ቃል ሊያጠፋው አይገባም። «ንክኪ» ለኦሎምፒኩ ፎይልና ኤፔ ይስማማል፤ በዚያ የጫፉ መንካት ብቻ መብራቱን ያበራልና። ለታሪካዊው ግን አይበቃም።

ተጋጣሚዎቹ ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ ዳኛው እስኪያቆማቸው ያለው አጭር ፍልሚያም ስም ያስፈልገዋል። «ዙር» የሚለው ቃል ለውድድሩ ደረጃዎች ስለ ተያዘ አይሆንም። እዚህ ላይ ደስ የሚል መገጣጠም አለ፤ የፈረንሳይ የሻሞላ መምህራን ይህንኑ ፍልሚያ ከንግግር በተወሰደ ቃል፣ «ሐረግ» እንደ ማለት፣ ይጠሩታል። አማርኛ «ምልልስ» አለው። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል፣ መክቶም ይመልሳል፤ ይህ በእርግጥ ምልልስ ነው። ስለዚህ «በሦስተኛው ምልልስ 2 ነጥብ አገኘ» ይባል።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢመታቱስ? የደንብ ጽሑፍ ሁሉ ጭንቀት ይህ ነው። ኦሎምፒኩ ሁለት መልስ ሰጥቷል። በኤፔ ሁለቱ ምቶች በሰከንድ 25ኛ ክፍል ውስጥ ከተከታተሉ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል። በፎይልና በሳበር ግን ማጥቃቱን በደንብ የጀመረው ይቀድማል፤ የተጠቃው መጀመሪያ መከላከል፣ ከዚያም መመለስ አለበት። ለዚህ መብት «ቅድሚያ» ከሚለው የተሻለ ቃል የለም፤ መኪና ነጂ ሁሉ በመስቀለኛ መንገድ የሚያውቀው ነው። ታሪካዊው ግጥሚያ ግን ወደ ሌላ ሐሳብ ያዘነብላል፤ ሻሞላው የተሳለ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይሞቱ ነበርና አብሮ መመታታት የሁለቱም ጥፋት ነው ይላል። ብዙ ደንቦች እንዲህ ላለው ምልልስ ነጥብ አይሰጡም፤ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈም ሁለቱን ተሸናፊ አድርገው የሚያሰናብቱ አሉ።

ይህን ምት «ድርብ ምት» ማለት የሚያሳስት ነው። በአማርኛ ድርብ የሆነ ነገር ከአንድ ባለቤት ይወጣል፤ ሰሚው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መታ ብሎ ይረዳል። ከግሡ እንነሣ ብንል «ተማቱ» መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቱ «ተምታታ» ግራ መጋባትን ያመለክታል። ዳኛው «ተምታታ!» ብሎ ቢጮኽ ስለ ተጋጣሚዎቹ ይሁን ስለ ራሱ ማን ያውቃል? «የጋራ ምት» ግን ንጹሕ ነው።

ከጋራ ምት መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። አንዱ በግልጽ ቀድሞ ይመታል፤ ተመቺው ግን በአንድ እንቅስቃሴ ጊዜ ውስጥ መልሶ ይመታዋል። ደንቦቹ ይህን ለብቻው የሚያዩት የመታ ሰው ከመታ በኋላ ራሱን ሸፍኖ እንዲወጣ ለማስገደድ ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚዎች «አጸፋ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም ይቸኩሉ ይሆናል። አጸፋ ግን መክቶ የሚመልስ ሰው ምት ስም ሊሆን ይገባዋል፤ እርሱ አልተመታም፤ ነጥቡም ሙሉ የራሱ ነው። ተመትቶ የሚመልሰውን አማርኛ በሌላ ቃል ያውቀዋል፤ «ብድሩን መለሰ» ይለዋል። ብድር ሊኖር የሚችለው አስቀድሞ የተቀበሉት ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ «አጸፋ ምት» ለመከተ፣ «ብድር ምት» ለተመታ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ልዩነቱ በሒሳብ ይታያል። በአንድ ደንብ ራስ 3፣ ክንድ 1 ነጥብ ያስገኛል እንበል። አንዱ ራስ ላይ መትቶ በክንዱ ላይ ብድር ቢቀበል፣ አንደኛው ዐይነት ደንብ ከ3ቱ 1 ቀንሶ 2 ይሰጠዋል፤ ለተጋጣሚው ምንም የለም። ሁለተኛው ዐይነት ለአንዱ 3፣ ለሌላው 1 ይጽፋል። በሁለቱም ልዩነቱ 2 ነው፤ ነገር ግን ግጥሚያው አንዱ 10 ሲሞላ የሚያበቃ ከሆነ በሁለተኛው ቶሎ ያልቃል፤ የተሸነፈውም ሰው ነጥብ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያውን «ተቀናሽ»፣ ሁለተኛውን «ሙሉ» ማለት ይቻላል፤ ሆኖም «ተቀናሽ ብድር» ብቻውን ቢቆም የባንክ ውል ስለሚመስል «ምት» የሚለው ቃል ከጎኑ አይለይ። ቀድሞ በጀርመን ከተሞች በነበረው የአደባባይ ግጥሚያ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነበር፤ ከሁሉ ከፍ ባለው የሰውነት ክፍል ደም ያፈሰሰ ያሸንፍ ነበር። ዛሬም ለራስ ብልጫ የሚሰጡ ደንቦች ይህን ያስታውሳሉ።

ነጥብ በሰውነት ክፍል የሚለካ ከሆነ የሰውነት ክፍሎች ስም መጥራት አለበት። እዚህ ላይ የአማርኛ ወሰን ከምንጩ ቋንቋ ወሰን ጋር አይገጥምም። «እጅ» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ልንል እንችላለን፤ «እግር»ም ከጭን እስከ ጥፍር። ምንጩ ለመዳፍ 1፣ ለክንድ 2 ቢሰጥና ተርጓሚው ሁለቱንም «እጅ» ቢል ደንቡ ፈርሷል። ስለዚህ «ከአንጓ በታች» እና «ከአንጓ በላይ» እያሉ ወሰኑን በግልጽ መጻፍ ይበጃል፤ ለእግርም ጭን፣ ጉልበት፣ ቅልጥም እያሉ መለየት ይቻላል። በአንጻሩ አማርኛ ወሰኑን በአንድ ቃል በግልጽ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ። መምታት በጥብቅ የሚከለከልበትን ከራስ በስተኋላ ያለውን የአንገት ክፍል «ማጅራት» እንለዋለን። «ማጅራት መቺ» የወንበዴ ስም መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ክልከላው ማብራሪያ አያሻውም።

ለስያሜ ምንጭ የሚሆነን የጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። በባህል ስፖርትነት እስከ ዛሬ የሚካሄደው የፈረስ ጉግስ የራሱ ቋንቋ አለው። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያም ወረፋው ይለወጣል። ማጥቃትና መከላከል በተራ ስለሆኑ የጋራ ምት የሚባለው ጥያቄ አይነሣም፤ ቅድሚያው በጨዋታው አካሄድ ውስጥ ተሰጥቷል። «መከተ» እና «ምከታ» የሚሉትን ቃላት ሕያው አድርጎ ያቆየልን አንዱ ይህ ጨዋታ ነው፤ ከእርሱ መውሰድ ከመዝገብ ከመቆፈር ይቀድማል። በደቡብ ምዕራብ የሱሪ ሕዝብ የዶንጋ ግጥሚያም ዳኞችና ክልከላዎች አሉት፤ ተጋጣሚን መግደል አይፈቀድም። የዚያ ጨዋታ ቃላት ግን በራሱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሊጠኑ የሚገባቸው ስለሆነ እዚህ አልነካቸውም።

የዳኝነቱ ቃላት ቀላል ናቸው፤ አንድ ሁለቱ ብቻ ይከራክራሉ። ማስጀመሪያው «ቦታ ያዙ! ዝግጁ ናችሁ? ጀምሩ!» ሊሆን ይችላል። ማቆሚያው በሰዋስው «ቁሙ!» መሆን ነበረበት፤ የሚታዘዙት ሁለት ናቸውና። ነገር ግን «ቁም!» የሚለውን የሰልፍ ሜዳ ትእዛዝ ጆሮ ይበልጥ ለምዶታል፤ አፍም በ«ም» ሲዘጋ ድምፁ ይቆረጣል። ብረት በአየር ላይ ባለበት ጊዜ ይህ ከቁጥር ስምምነት ይበልጣል። የጎን ዳኞች ባንዲራ ሲያነሡ አራት ነገር ሊሉ ይችላሉ፤ መታ፣ አልመታም፣ ብድር አለ፣ አላየሁም። የመጨረሻውን «ድምፀ ተአቅቦ» ብለው የሚተረጉሙ ይኖራሉ። ይህ የምክር ቤት ቃል ነው፤ ድምፁን የሚያቅብ ሰው አይቶና አስቦ የሚተው ነው። የጎን ዳኛው ግን የተጋጣሚው ትከሻ ስለ ጋረደው ምቱን አላየውም፤ እንዲሁ «አላየሁም» ይበል፤ ዋናው ዳኛም የቀሩትን ድምፆች ቆጥሮ ይፍረድ።