«ይህ ሙከራ ነው» የሚል ኖቲፊኬሽን ለምን ለማይመለከተው ሰው ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ማይክሮሶፍት ቲምስ እና ጎግል ሃንግአውትስን አንድሮይድ ስልካቸው ላይ የጫኑ ሰዎች ያልጠበቁት ኖቲፊኬሽን መጣላቸው፤ «የሙከራ መልዕክት» የሚልና ቃለ አጋኖ የተደረደረበት። ያስቃል። ግን «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ይጫኑ» ቢል ኖሮስ?

እስቲ አሠራሩን እንይ። ስልካችሁ ላይ ያለው እያንዳንዱ አፕ ከየራሱ ሰርቨር ጋር መስመር ከፍቶ ቢጠብቅ ባትሪያችሁ ቶሎ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ስልኩ አንድ የጋራ መስመር ይከፍታል፤ አንድሮይድ በአብዛኛው ከጎግል፣ አይፎን ከአፕል ጋር። አፑ ቶክን የሚባል አድራሻ ይሰጠዋል። የአፑ ሰርቨር ቶክኑን ጠቅሶ «ይህን አድርሱልኝ» ይላል፤ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ በምስጢር ቁልፍ ነው። ቶክኑን እንደ ቤት ቁጥር፣ ቁልፉን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ቁጠሩት። ማኅተሙ እጁ የገባ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ስም ደብዳቤ ማውጣት ይችላል።

ጣጣው የሚመጣው በሙከራ ጊዜ ነው። ሰርቨሩ እስኪያልቅ ላለመጠበቅ ቁልፉ «ለጊዜው» አፑ ውስጥ ይጻፋል፣ ከዚያ ይረሳል። የአንድሮይድ አፕ ፋይል ደግሞ እንደ ዚፕ ይከፈታል። ከ2020ው ክስተት ቀደም ብሎ አንድ የደህንነት ተመራማሪ እንዲህ ያሉ ቁልፎችን በታወቁ አፖች ውስጥ ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። ጎግል ያንን የቆየ አሠራር ከ2024 ጀምሮ ዘግቶ ቶሎ ጊዜው በሚያልፍ ፈቃድ ተክቶታል። ሆኖም ፈቃዱን የሚያወጣው ፋይል ራሱ አፑ ውስጥ ከተገኘ ያው ነው።

ስለዚህ የሙከራ አፕ ኮድ ስትገመግሙ እነዚህን ጠይቁ፦

1. የመላኪያው ቁልፍ የት ነው? ቦታው ሰርቨር ብቻ ነው። ጊት ላይ አንዴ ከገባ መስመሩን መሰረዝ አይበቃም፤ የድሮው ኮድ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ቁልፉ ራሱ መሻርና መቀየር አለበት።

2. ሙከራውና እውነተኛው አፕ ፕሮጀክታቸው ተለይቷል? ከተለየ የተሳሳተ መልዕክት ቢላክ እንኳ የሚደርሰው ለሞካሪዎች ብቻ ነው።

3. ቶክን ሲቀየርስ? አፑ ጠፍቶ እንደገና ሲጫን ሊቀየር ይችላል። ኮዱ አዲሱን መመዝገብ፣ የማይሠራውን መሰረዝ አለበት።

4. መልዕክቱ ምን ይዟል? ስልኩ ተቆልፎም ስክሪኑ ላይ ሊነበብ ስለሚችል የምርመራ ውጤት ወይም የባንክ ሂሳብ መጠን አይጻፍበት። «አዲስ መልዕክት አለዎት» ይበቃል፤ ዝርዝሩን አፑ ሲከፈት ያምጣው።

ጊዜ ካጠራችሁ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሩ። ሌሎቹ ስህተቶች በዝማኔ ይስተካከላሉ፤ በወጣ ማኅተም የተላከ መልዕክት ግን አይመለስም።