ባዶው ቤት ሳለ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚቀይር ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ነው። አንድ አይሱዙ ይበቃል ወይስ ፒካፕ ሁለት ጊዜ ይመላለስ? ስንት ይጠይቁ ይሆን? ሳህኑስ ሳይሰበር ይደርሳል? ደጋግሜ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ገንዘብና እልህ ያስጨረሰኝ ግን መንገዱ ሆኖ አያውቅም። የሚያስጨርሰው መኪናው አዲሱ ሰፈር ደርሶ ከቆመ በኋላ የሚመጣው ነው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አስቀድሞ ሊለካ፣ ሊጠየቅ፣ ቢያንስ ሊታይ የሚችል ነገር ነበር። ለዚህ ነው ዕቅዱ መጀመር ያለበት ካርቶን ከመሰብሰብ ሳይሆን ሜትር ይዞ ባዶውን ቤት ከማየት ነው የምለው።

ከደረጃው እንነሣ። በ20/80 መርሐ ግብር የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ሰው የሚያየው የደረጃውን ስፋት ነው፤ ዕቃ የሚቀረቀረው ግን መታጠፊያው ላይ ነው። ረጅም ሶፋ ቀጥ ባለው ደረጃ በደንብ ወጥቶ መዞሪያው ጋ ሲደርስ አንዱ ጫፉ ግድግዳ፣ ሌላው የብረት መደገፊያውን ይነካና ወደፊትም ወደኋላም አልል ይላል። ቁም ሳጥን የባሰ ነው። ቁመቱ 2.40 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሳጥን፣ ጣሪያው 2.45 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይገባል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ተኝቶ ገብቶ ሲቃና ግን ከማዕዘን ማዕዘን ያለው ርቀት ወደ 2.47 ይደርሳል፤ ጣሪያውን ይመታል፣ አይቆምም። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ካልተገጣጠመ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ አናጢው ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ፈትቶት፣ ብሎኑን በአንድ ፌስታል አስሮ፣ ፌስታሉን ከአንዱ በር ጋር ያጣብቀው። በደረጃ ጨርሶ የማይወጣው በገመድ በበረንዳ በኩል ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ዋጋና ሌላ ሰው ነው። ሰውየውን ማግኘት ያለብን ከቀናት በፊት እንጂ ቡፌው መሬት ላይ ተቀምጦ ጎረቤት በመስኮት እያየን አይደለም።

ሁለተኛው የሚታየው መብራቱ ነው። በግቢ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ቆጣሪው የግል ነው የጋራ ብሎ መጠየቁን አይረሳም፤ ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ ማለቱን ግን ይረሳል። በጋራ ቆጣሪ እንጀራ መጋገር የሚከለክሉ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም ሂሳቡ ሲታይ አይፈረድባቸውም። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን መጫን ሶኬቱን ያቀልጣል፣ ከከፋም እሳት ያስነሣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር እንዳለ ይይ። ቆጣሪው ካርድ ከሆነ ካርዱን ከቁልፉ ጋር መረከብ፣ ድኅረ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ውዝፍ እንደሌለበት ማረጋገጥና የገባችሁበትን ዕለት ንባብ በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ቀዳሚው ነዋሪ ትቶት የሄደው ዕዳ መብራቱን የሚያስቆርጠው እናንተ ላይ ነውና። ስለ ውሃ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ በፈረቃ በየትኛው ቀን ይመጣል? ሮቶ ከሌለ የመግቢያው ቀን ውሃ ከሚመጣበት ቀን ጋር ይገጣጠም።

ተከራይ ከሆናችሁ ከዕቃው በፊት ውሉ ይግባ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ደላላው «ስድስት ወር ቅድሚያ ነው፣ ሌላ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» ሲል ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ወደ ጫኝና አውራጅ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚመረርበት እዚህ ላይ ነው። በየሰፈሩ የተደራጁ ወጣቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በላባቸው የሚያድሩ ናቸው። መኪናው ገና ሳይቆም ዙሪያውን ከበው የሚጠሩት ዋጋ ግን አንዳንዴ ከመኪናው ኪራይ ይበልጣል። ለምን እንዲህ ይሆናል? መልሱ ጉልበተኝነት ብቻ አይመስለኝም። በዚያች ሰዓት የባለዕቃው የመደራደር አቅም ባዶ ነው። ሾፌሩ ሌላ ጭነት ስላለው ሞተሩን አላጠፋም፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፍራሹ ያለ ሸራ ተጭኗል፤ ልጆቹ አልበሉም። ዋጋ ጠሪው ይህን ሁሉ ያያል። የከተማው አስተዳደር ባለንብረት ዕቃውን ያለፍላጎቱ በግድ እንዲያስወርድ ማድረግ እንደማይቻል በተደጋጋሚ አሳውቋል፤ ሆኖም በሩ ላይ ቆሞ ስለ መመሪያ መከራከር የሾፌሩን ትዕግሥት አያረዝምም።

ስለዚህ ድርድሩ በዚያች ሰዓት አይደረግ። ባዶውን ቤት ለማየት በሄዳችሁበት ቀን እነዚያኑ ልጆች አግኝታችሁ አነጋግሩ። የዕቃውን ዝርዝር ንገሯቸው፦ አንድ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥን፣ ሃያ ካርቶን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ያኔ የሚቸኩል የለም፤ እናንተም «ቤተሰብ ያወርድልኛል» ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ዋጋው ወርዶ ታገኙታላችሁ። ስሙን የምታውቁት አንድ ሰው ስልክ መያዝ ደግሞ ከዋጋው ይበልጣል፤ የራሱን ቃል የሚያስከብረው እሱ ነው። ከሾፌሩም ጋር እንዲሁ ነው፦ የሚጠብቅበት ሰዓት በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱ ከመነሻው ይነገር። ለጭነት መኪና በከተማዋ ዋና መንገዶች የሰዓት ገደብ ስላለ፣ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚሄድ ጠይቁት።

ስለ ማሸጉ ብዙ አልልም፤ ባለሙያዎቹ እናቶቻችን ናቸው። መጽሐፍ በትንንሽ ካርቶን፣ ልብስ በማዳበሪያ፣ ሳህን በጎኑ ቆሞ በነጠላና በፎጣ ተጠቅልሎ። ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ተነቅሎ በረዶው ይቅለጥ፤ ቆሞ ይጓዝ። ግድ ሆኖ ከተኛ፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ቢያንስ ለሰዓታት ቆሞ ይቆይ እንጂ እንደደረሰ አይሰካ። ጀበናና የምጣዱ ሸክላ ግን መኪና ላይ አይጫኑ። በአይሱዙ ከተጓዘ ስንጥቁ የሚታየው ሊጥ ሲፈስበት ነው። እናቴ ምጣዷን በታክሲ፣ ጭኗ ላይ ትራስ አድርጋ ነበር የምትወስደው፤ እኛ እንስቅ ነበር።

ቤት ከመቀየራችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ቁራሌውን ጥሩ። ሰው አሥር ዓመት ያልነካውን ዕቃ አራት ፎቅ ከፍሎ ያሰቅላል። የተሰበረ ወንበር፣ የማይሠራ ምድጃ፣ ባዶ ጠርሙስ እንዲሁ በሩ ላይ ሸጦ መሄድ የአውራጁንም ዋጋ ይቀንሳል።

አንድ ሻንጣ ከእጃችሁ አይለይ፤ የቤተሰቡ ሰነድ፣ መድኃኒት፣ ሁለት አምፖል (የወጣው ሰው ፈትቶ መሄዱ አይቀርም)፣ ሻማ፣ የአልጋ ልብስ፣ ቡናና ስኳር። አንድ ጀሪካን ውሃ ከጎኑ። የበሩን ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ፤ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም።

የወረቀቱ ጉዳይ በነሐሴ ካልተጀመረ መስከረም ላይ ያሯሩጣል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከቀየሩ ከአሮጌው መሸኛ ያስፈልጋል፤ የወረዳ ነዋሪነት ለማዛወርም ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይጠየቃል። እድር ግን በመሸኛ አይዛወርም። አዲሱ ሰፈር ያለው እድር የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ካፒታሉና ንብረቱ ብዙ ከሆነ መግቢያውም እንደዚያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የአሮጌውን መዋጮ ሳያቋርጥ፣ በወር አንድ እሑድ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይመለሳል። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ ለገቡት ይህ ረጅም መንገድ ነው። ሆኖም አዲሱ ጎረቤት ስም እስኪያውቅ ድረስ፣ ድንኳን የሚተክለው ያው የድሮው ሰፈር ነው።